አማርኛው ሳጥን የሚሆንበትን ኤስቪጂ ወደ ፒኤንጂ የቀየርኩበት መንገድ

የሰርግ መጥሪያው በኤስቪጂ (SVG፣ ምስልን በመስመርና በቅርጽ የሚያስቀምጥ ፋይል) ነው የተሠራው። ኮምፒውተሬ ላይ ቆንጆ ነው። ኢንተርኔት ላይ ባለ መቀየሪያ ወደ ፒኤንጂ (PNG፣ እንደ ፎቶ ያለ የምስል ፋይል) ስለውጠው ግን የሙሽሮቹ ስም ባዶ ሳጥን ይሆናል። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጄፔግ ሞከርኩ፣ መቀየሪያ ቀያየርኩ፤ ያው ነው።

ለካ ፋይሉ የያዘው የፎንቱን ስም ብቻ ነው። የሚቀይረው ማሽን ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ከሌለ ሳጥን ያወጣል።

ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ኢንክስኬፕ (Inkscape) በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ከፈትኩት። መጀመሪያ ኮፒ አስቀመጥኩ። ይህን እንዳትዘሉ፤ ከቀጣዩ እርምጃ በኋላ ጽሑፉን በኪቦርድ ማረም አይቻልም። ኮንትሮል ኤ ብዬ ሁሉንም መረጥኩና ከፓዝ ሜኑ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» አልኩ። ፊደሎቹ ተራ ቅርጽ ሆኑ። ሴቭ አድርጌ ስሞክረው ያ እምቢ ያለው መቀየሪያ እንኳ ስሞቹን በትክክል አወጣ። እኔ ግን እዚያው ኢንክስኬፕ ውስጥ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ኤክስፖርት ማድረጉን መረጥኩ፤ ጠርዙ ጥርት ይላል። በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት።