ሲያድር አልነሳ የሚል አሮጌ መኪና፦ ችግሩን እንዴት እንደሚፈልጉት

ይህ ብልሽት የሚያስቸግረው ሞተሩ አንዴ ተነስቶ ከሞቀ ምልክቱ ስለሚጠፋ ነው። ጋራዥ ሲደርስ መኪናው ጤነኛ ነው። ስለዚህ ምርመራው የሚደረገው መኪናው ባደረበት ቦታ፣ ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይነካ ከቆየ በኋላ ነው። ቴስተር (የቮልትና የኦም መለኪያ)፣ የካንዴላ (በሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠው) መፍቻና ቁልፍ የሚያዞር ረዳት ከማታው ያዘጋጁ። በቀን የሚያገኙት አንድ ዕድል ብቻ ነው፤ ጠዋት ተቻኩለው ካስነሱት እስከ ነገ መጠበቅ ነው።

1. ቁልፍ ከመዞሩ በፊት ባትሪውን ይለኩ። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል።

2. ረዳትዎ ቁልፉን ሲያዞር ድምፁን ያዳምጡ፣ ቴስተሩንም ይመልከቱ። በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ማስነሻ) እንዲበርድ አንድ ደቂቃ ያሳርፉት።

ሞተሩ እየጎተተ፣ እየከበደው ከዞረ ጉዳዩ ኤሌክትሪክ ነው። ሲዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። ቮልቱ ሳይወርድ ሞተሩ ከዘገመ ግን ባትሪ ለመግዛት አይቸኩሉ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹህ ብረት ላይ አድርገው እንደገና ያስዞሩ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበቡ የኔጌቲቩ ገመድ ወይም ማሰሪያው ዝጓል። በዚህ ገመድ ጥፋት የተጣለ ደህና ባትሪ ብዙ ነው። ገመዱ ንጹህ ከሆነ ሞተሪኖውን ያስፈትሹ። ለአየሩ ከሚገባው በላይ የወፈረ ዘይትም ሞተሩን ያከብደዋል።

ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ወደ ነዳጅና እሳት ይሂዱ።

3. ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ካለው የአየር ማጣሪያውን ክዳን ያንሱ። ቀዝቃዛ ቤንዚን በደንብ ስለማይተን ሞተሩ ለመነሳት ወፈር ያለ ድብልቅ ይፈልጋል፤ ያንን የሚሰጠው የአየሩን መግቢያ የሚዘጋው ክዳን፣ ቾክ ነው። ቾኩ በእጅ የሚሳብ ከሆነ ይሳቡት፤ አውቶማቲክ ከሆነ የነዳጅ ፔዳሉን አንዴ እስከ ታች ረግጠው ይልቀቁ። የቾኩ ክዳን መዘጋት አለበት። ሞተሩ ሳይዞር የነዳጅ ፔዳሉ የሚስበውን የካርቡሬተሩን ማንሻ ሲገፉ ወደ ጉሮሮው ቀጭን የቤንዚን ጅረት መርጨት አለበት። ካልረጨ ቤንዚን የሚጠራቀምበት የካርቡሬተሩ ሳህን ሲያድር ደርቋል ወይም የመርጫ ፓምፑ ጎማ ተቀዷል። ተነስቶ ጥቁር ጭስ እያወጣ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የቾኩ ክዳን ጥቂት ሚሊ ሜትር አልተከፈተም ማለት ነው።

ኢንጀክሽን (ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭ) ከሆነ ቁልፉን ሳያስነሱ ከፍተው 2 ሰከንድ ይጠብቁና ይዝጉ፤ 3 ጊዜ ደጋግመው ያስነሱ። ወዲያው ከተነሳ ግፊቱ ሲያድር እየሾለከ ነው፦ የፓምፑ መላሽ ቫልቭ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር። ለውጥ ከሌለ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ይለኩ። በብዙ መኪኖች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም አካባቢ ነው። ሴንሰሩ «ሞቄያለሁ» ብሎ ከዋሸ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይቀንሳል።

4. ካልተነሳ በኋላ ካንዴላ ይፍቱ። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም። በቤንዚን ከራሰ ወይ እሳቱ ደካማ ነው ወይ ነዳጁ በዝቷል። ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አያይዘው አካሉን በሞተሩ ብረት ላይ ያስሩ፤ በእጅ አይያዙት፣ አጠገቡም ቤንዚን አይኑር። ሲዞር ሰማያዊ፣ የሚንጣጣ እሳት ያስፈልጋል። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ቦቢናውን (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን)፣ ኮንደንሰሩንና ገመዶቹን ይመርምሩ። አንድ በቀላሉ የማይገኝ ጥፋት አለ፦ ሞተሩ ቁልፉን ሲለቁት ብቻ ሊነሳ ከቃጣው፣ ሲዞር ለቦቢናው ሙሉ ቮልት የሚያደርሰው ተጨማሪ ሽቦ ተቋርጧል።

5. ናፍጣ ከሆነ ጭሱን ይዩ። ሲዞር ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ይደርሳል፣ ግን አይቀጣጠልም። የማሞቂያ ካንዴላዎቹን የጋራ ማያያዣ ፈተው እያንዳንዱን ከሞተሩ ብረት ጋር ይለኩ፤ ደህናው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ኦም በታች ነው፣ የተቃጠለው ምንም አያሳልፍም። ጭስ ከሌለ በእጅ ፓምፑ ይግፉ፤ ከዚያ በኋላ ከተነሳ መስመሩ ሲያድር አየር እየሳበ ነው። ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ የማስነሻ ስፕሬይ አይንፉ፤ በአየር ማስገቢያው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል።

6. ሁሉም ደህና ከሆነ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) ይለኩ። በቤንዚን ሞተር ካንዴላዎቹን ሁሉ ይፍቱ፣ ነዳጅና እሳቱን ያቋርጡ፣ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠው ያስዞሩ። ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ሲሊንደር ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ድጋሚ ይለኩ። ከፍ ካለ የፒስተን ፋሻው (ቀለበቱ) አልቋል። ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን ነው፤ ቴስታታውን ከማስፈታትዎ በፊት ግን የቫልቮቹን ክፍተት ያስለኩ፣ በጣም ጠቦ ቫልቩን እንዳይዘጋ ያደረገው እሱ ሊሆን ይችላል።