ልጃችሁ አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ስፖርተኛ ከሆነ፦ የስፖንሰር ውል ሳይፈርም፣ ፖርታል ሳይገባ ይሄን አንብቡ

አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ የሚሮጥ ወይ የሚጫወት ልጅ፣ እህት፣ ወንድም ያላችሁ ይሄ ለናንተ ነው፣ ራሳችሁ ስፖርተኛ ከሆናችሁ ደግሞ በደንብ። ድሮ ህጉ አጭር ነበር፣ ስኮላርሺፕ ይሰጡሃል ትጫወታለህ ትማራለህ፣ ከዛ ውጪ በስምህ ገንዘብ ከተቀበልክ ከውድድር ትታገዳለህ። አሁን ገንዘቡም ዝውውሩም (ፖርታል የሚሉት፣ ትምህርት ቤት መቀየር የሚፈልግ ስፖርተኛ የሚመዘገብበት) ተከፍቷል፣ ጥሩ ነው፣ ልጆቹ ይገባቸዋል። ግን ውሉን የሚያመጡት ሰዎች ጠበቃቸውን ይዘው ነው የሚመጡት፣ ልጁ ደግሞ የ18 የ19 ዓመት ልጅ ነው፣ ብዙ ጊዜ ዶርም ውስጥ ስልኩን ይዞ ብቻውን። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ለዩ፣ ምክንያቱም ሁለት አይነት ነው። አንደኛው ኤንአይኤል የሚሉት ነው፣ ልጁ በስሙ በፎቶውና በዝናው ከውጪ ካምፓኒ የሚያገኘው፣ ማስታወቂያ ይሰራል፣ ኢንስታግራም ላይ ይፖስታል፣ ማሊያ ይፈርማል ምናምን። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማህበር ኤንሲኤኤ ይሄን የፈቀደው ጁላይ 1 2021 ነው፣ እሱንም ወዶ አይደለም፣ ካሊፎርኒያ በ2019 ህግ አወጣች፣ ሌሎች ስቴቶች ተከተሏት፣ ጁን 2021 ላይ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስፖርተኞች በከሰሱት አልስተን በሚባል ኬዝ 9 ለ 0 ፈረደበት። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚከፍለው ነው። ይሄ ስፖርተኞች ኤንሲኤኤን ከከሰሱበት ሃውስ ከሚባለው ክስ ስምምነት የመጣ ነው፣ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ጁን 2025 ላይ አጸደቁት፣ ስምምነቱ ውስጥ የገባ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2025-26፣ እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለስፖርተኞቹ ማካፈል ይችላል።

ቁጥሩን ሰምታችሁ ግን አትቸኩሉ። አብዛኛው ገንዘብ የሚሄደው ወደ አሜሪካን ፉትቦል ነው፣ ቀጥሎ ወደ ወንዶች ባስኬትቦል፣ ሯጭና የእግር ኳስ ተጫዋች ጋ የሚደርሰው ትንሽ ነው፣ ብዙ ቦታ ጭራሽ ምንም። ይሄው ስምምነት ደግሞ በየስፖርቱ የቡድኑን ብዛት ገድቧል፣ ፉትቦል 105፣ ክሮስ ካንትሪ 17። ስለዚህ ልጃችሁ ሯጭ ከሆነ ለኮቹ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ስንት ትከፍላላችሁ የሚለው መሆን የለበትም፣ ቦታው አስተማማኝ ነው ወይ፣ በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ሰዓት ያለው ሰው ቢመጣስ እሱ ይቀነሳል ወይ፣ ስኮላርሺፑ የአንድ ዓመት ነው ወይስ እስኪመረቅ፣ እነዚህን ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሁፍ ተቀበሉ።

በጽሁፍ ያልኩት በምክንያት ነው። በ2024 ማቲው ስሉካ የሚባል ዩኤንኤልቪ የሚባለው የላስ ቬጋስ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ (ፉትቦል ላይ ኳሱን የሚወረውረው ዋናው ተጫዋች) ቡድኑ ሶስቱንም ጨዋታ አሸንፎ እያለ ጥሎ ወጣ፣ ኤጀንቱ እንዳለው 100 ሺህ ዶላር በቃል ተገብቶለት አልተከፈለውም፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ እንዲህ አይነት ውል የለም አለ። ማን ልክ እንደሆነ እኔ አልፈርድም፣ ግን ወረቀት ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ባልተነሳ ነበር። ኮች ቡና ጋብዞ ትከሻ እየነካ የነገራችሁን ነገር ማታውኑ ኢሜይል አድርጋችሁ «ዛሬ የተነጋገርነው ይሄን ይሄን ነው፣ ልክ ነኝ?» በሉት፣ በጽሁፍ ካልመለሰ አልተባለም ብላችሁ ያዙት።

ወረቀቱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በሊንክ ነው የሚላከው፣ ስልክ ላይ ይከፈታል፣ ጽሁፉ ጉንዳን ያክላል፣ ታች ላይ ፈርም የሚል ቢጫ ምልክት አለ፣ በጣት ነክቶ መጨረስ ሰከንድ አይፈጅም። እዛ ጋ ቁሙ። ኮምፒውተር ላይ ክፈቱትና የሚቆይበትን ጊዜ ፈልጉ፣ «ለዘላለም» የሚል ነገር ካለ፣ ማለትም ካምፓኒው የልጁን ፎቶ ከተመረቀ በኋላም እንደፈለገ ይጠቀማል ከተባለ፣ እንዲቆረጥ ጠይቁ። ከዛ ብቸኛነት የሚለውን እዩ፣ አንድ ትንሽ የጫማ ሱቅ በ500 ዶላር ልጁን ሌላ የስፖርት ብራንድ እንዳይነካ ሊያስረው ይችላል። ከዛ ትራንስፈር ቢያደርግ ምን ይሆናል የሚለውን እዩ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ውሉ ላይ ከወጣህ ይሄን ያህል ትመልሳለህ ወይም አዲሱ ትምህርት ቤትህ ይክፈል የሚል አንቀጽ እያስገቡ ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ የወደፊት ገቢህን ስጠኝ የሚለው ነው። ጀርቮን ዴክስተር የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ተጫዋች እያለ በ2022 436,485 ዶላር ተቀብሎ፣ በምላሹ ኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ) ከገባ ለ25 ዓመት ከሚያገኘው 15 በመቶ ሊሰጥ ፈረመ፣ በኋላ በ2023 ውሉ እንዲሰረዝለት ክስ ከፈተ። እንዲህ አይነቱን ወረቀት ያለ ጠበቃ እንዳትነኩት። ጠበቃው የራሳችሁ ይሁን፣ ከፋዩ ያመጣላችሁ አይሁን።

ኤጀንትም እንደዛው ነው። ኤንኤፍኤል ላይ የተጫዋቾች ማህበሩ የኤጀንትን ክፍያ ከተጫዋች ውል 3 በመቶ ላይ ገድቦታል፣ ኮሌጅ ላይ ግን እንዲህ ለሁሉም የሚሰራ አንድ ወጥ ገደብ የለም፣ 20 በመቶ የሚጠይቅም አለ። ዲቪዥን አንድ (የኤንሲኤኤ ከፍተኛው ደረጃ) ላይ ደግሞ ከውጪ የሚገኝ 600 ዶላርና ከዛ በላይ የሆነ ውል ኤንአይኤል ጎ የሚባለው ሲስተም ላይ በ5 የስራ ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ኤጀንቱ ያስገባዋል ብሎ መተው አያዋጣም፣ ልጁ ራሱ ገብቶ ያረጋግጥ።

አሁን ከሀገር ቤት በስኮላርሺፕ ለመጡት፣ እባካችሁ ይሄን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ኤፍ-ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ልጅ ኤንአይኤል በኤንሲኤኤ ስለተፈቀደ ብቻ ኢሚግሬሽን ፈቅዶለታል ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ለካምፓኒ ቪዲዮ ሰርቶ መከፈል ስራ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል፣ ያልተፈቀደ ስራ ደግሞ ስታተስ ያሳጣል። ከኮንጎ የመጣው የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የባስኬትቦል ተጫዋች ኦስካር ቺብዌ በ2022 ክረምት ቡድኑ ባሃማስ ሲሄድ ነው እዛ ሆኖ ስራዎቹን የሰራው፣ ከአሜሪካ ውጪ ስለሆነ። ለ200 ዶላር ፖስት ብሎ ትምህርትንም ቪዛንም አደጋ ላይ መጣል አያዋጣም። መጀመሪያ የኢንተርናሽናል ተማሪዎች ቢሮ፣ ቀጥሎ የኢሚግሬሽን ጠበቃ፣ ኮች ምንም ችግር የለውም ቢል ችግሩ ሲመጣ ወደ ሀገር ቤት የሚመለሰው ኮቹ አይደለም።

መስራት የሚችሉት ደግሞ ታክስ አይርሱ። ከስፖንሰር የሚመጣው ገንዘብ ላይ ማንም ቀድሞ አይቆርጥም፣ ዓመቱ ሲያልቅ 1099 የሚባል የገቢ ፎርም ይላካል፣ የኢንካም ታክሱ እንዳለ ሆኖ 15.3 በመቶ የግል ስራ ታክስ አለበት። ብሩ በገባ ቁጥር 30 በመቶውን ሌላ አካውንት ውስጥ አስቀምጡ፣ ለአይአርኤስ (ለታክስ መስሪያ ቤቱ) የሚከፈለው በየሩብ ዓመቱ ነው፣ ኤፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበር እና ጃንዋሪ 15 አካባቢ። በነጻ የተሰጠ መኪናም ጫማም ገቢ ነው። ገቢው ፋፍሳ (የመንግስት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ላይም ይገባል፣ ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግስት እርዳታ የሚያገኝ ልጅ ሊቀነስበት ይችላል፣ ስለዚህ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ወደ ትራንስፈሩ እንምጣ። ፖርታሉ በ2018 የተጀመረ ዳታቤዝ ነው፣ ልጁ ለትምህርት ቤቱ ኮምፕሊያንስ ቢሮ (የስፖርት ህጉን የሚከታተለው) በጽሁፍ ይጠይቃል፣ እነሱ በ2 የስራ ቀን ውስጥ ስሙን ያስገባሉ፣ የኮች ፈቃድ አያስፈልግም። ድሮ በፉትቦልና በባስኬትቦል ትምህርት ቤት የቀየረ አንድ ዓመት ቁጭ ይል ነበር፣ በ2021 አንድ ጊዜ በነጻ ተፈቀደ፣ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱን እስከያዘ ድረስ ስንቴም መቀየር ይችላል። ኳርተርባኩ ጆ በሮው ከኦሃዮ ስቴት ወደ ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት) ሄዶ በ2019 ሃይዝማንን፣ የኮሌጅ ፉትቦል ምርጥ ተጫዋች ሽልማትን፣ ወሰደ፣ ቦታ መቀየር የሰውን ህይወት ይቀይራል፣ እውነት ነው።

ግን ስሙ ፖርታል ውስጥ በገባ ሰዓት ያለበት ትምህርት ቤት ስኮላርሺፑን ከዛ ሴሚስተር በኋላ ማቆም ይችላል፣ ተመልሼ እመጣለሁ ቢልም የመቀበል ግዴታ የለባቸውም፣ ፖርታል ገብተው የትም ሳይደርሱ የሚቀሩ ብዙ ልጆች አሉ። የሌላ ትምህርት ቤት ኮችም ልጁ ፖርታል ውስጥ ሳይገባ ማናገር አይፈቀድለትም፣ በጓደኛ ወይ በድሮ አሰልጣኝ በኩል «ና ቦታ አለ» የሚል መልእክት ከመጣ ያ ቃል ማንንም አያስይዝም። ፖርታሉ የሚከፈትበት ቀን በየስፖርቱ ይለያያል፣ ይቀያየራልም፣ የዘንድሮውን ከኮምፕሊያንስ ቢሮ ውሰዱ።

ክሬዲቱን ደግሞ ከገንዘቡ በፊት አጣሩ። ዲቪዥን አንድ ላይ ለመጫወት ሶስተኛ ዓመት ሲጀመር የዲግሪው 40 በመቶ ማለቅ አለበት፣ አራተኛው ላይ 60፣ አምስተኛው ላይ 80። አዲሱ ትምህርት ቤት ግማሹን ኮርስ አልቀበልም ካለ ልጁ እዛ ደርሶ መጫወት አይችልም። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት ትራንስክሪፕቱን ለሬጅስትራር ልካችሁ የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠር በጽሁፍ ተቀበሉ። ኤፍ-ዋን ላይ ላለ ልጅ ደግሞ ሴቪስ (መንግስት የውጪ ተማሪዎችን የሚመዘግብበት ሲስተም) ላይ ያለው ሬከርዱ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት መዛወርና አዲስ አይ-20 (ትምህርት ቤቱ ለቪዛ ተማሪ የሚሰጠው ፎርም) መውጣት አለበት፣ የድሮው ትምህርት ቤት ሬከርዱን የሚለቅበትን ቀን ከኢንተርናሽናል ቢሮው ጋ ሳይወስን ዶርሙን እንዳይለቅ።