ከካርታ ላይ የጠፋ መንደርን እንዴት መፈለግ ይቻላል?

የጠፋ መንደር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ «የት ነበር?» ብሎ ይጀምራል። እኔ «መቼ ጠፋ?» ከሚለው ጀምሩ ባይ ነኝ። የሚያስፈልጓችሁ ሁለት ዓመቶች ናቸው፦ መንደሩ ወረቀት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትና ለመጀመሪያ ጊዜ የታጣበት። ሁለቱ ሲገኙ የትኛውን መዝገብ ማገላበጥ እንዳለባችሁ ይገባችኋል። ሳይገኙ ቤተ መዛግብት መግባት ግን አቧራ መቃም ነው። (እዚህ የጠቀስኳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ስሙን ከነአጻጻፉ ሰብስቡ

የድሮ ካርታ ሠሪዎች ብዙዎቹ ለአካባቢው እንግዳ ነበሩ። ስሙን የጻፉት ጆሯቸው እንደሰማው ነው። አንድ መንደር በሦስት ካርታ ላይ ሦስት ዓይነት ስም ቢኖረው አይግረማችሁ። ሁሉንም ያዙ፤ የወንዙን፣ የድልድዩንና የማሳውን ስም ጭምር። እግረ መንገዳችሁን መንደሩ በእርግጥ መጥፋቱን አጣሩ። ስሙ ተቀይሮ ወይም ከጎረቤት መንደር ጋር ተዋህዶ ሊሆን ይችላል።

2. ካርታዎቹን በዕድሜ ደርድሩ

ኦልድ ማፕስ ኦንላይን የተባለው ድረ ገጽ በየቤተ መጻሕፍቱ ያሉ ካርታዎችን በቦታ ለመፈለግ ያመቻል። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮውን ካርታ ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጎን ለጎን ያሳያል። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይም ከ1884 ጀምሮ ያሉትን ካርታዎቹን በነፃ እንድታወርዱ ይፈቅዳል።

ካርታውን ስትከፍቱ ዓይናችሁ መጀመሪያ ወደ ኅዳጉ ይሂድ። የታተመበት ዓመት ሌላ ነው፣ መሬቱ የተለካበት ዓመት ሌላ። አንዳንዱ ካርታ አዲስ መንገድ ብቻ ተጨምሮበት እንደገና ይታተማል። ሰው ከለቀቀ ቆይቶ እንኳ መንደሩ ካርታው ላይ እንዳለ ይቀጥላል። የምትፈልጉት የተለካበትን ዓመት ነው።

መስፈርቱንም (ስኬሉን) እዩ። በ1:50,000 ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው፤ አነስተኛ መንደር ይታያል። በ1:250,000 ላይ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ስለሆነ ትንንሹ ሁሉ ይዘለላል። «እዚህ ካርታ ላይ የለም» ማለት «ጠፍቷል» ማለት አይደለም። ተመሳሳይ መስፈርት ያላቸውን አወዳድሩ።

የተገላቢጦሹም አለ። በ1930ዎቹ አሜሪካዊ ካርታ ሠሪዎች ሥራቸውን የሚገለብጥባቸውን ለመያዝ ሲሉ አግሎ የሚባል የሌለ ቦታ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ አስገብተው ነበር። አንድ ካርታ ብቻ የመሰከረለትን መንደር ቶሎ አትመኑ።

3. አንዱን በሌላው ላይ ደርቡ

ለዚህ ኪውጂስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በቂ ነው። ስካን የተደረገውን ካርታ አስገቡና በድሮውም በዛሬውም ካርታ ላይ ያሉ ነጥቦችን አያይዙ፦ የድሮ ቤተ ክርስቲያን፣ ድልድይ፣ መስቀለኛ መንገድ። የወንዝ መታጠፊያና የጫካ ጠርዝ አትጠቀሙ፤ ቦታቸውን ይቀይራሉ። ፕሮግራሙ በሦስት ነጥብም ይሠራል። ስምንት ወይም አሥር ሆነው በየማዕዘኑ ቢበተኑ ግን ይሻላል። በ1:50,000 ካርታ ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት መሬት ላይ 25 ሜትር ነው። ስለዚህ ነጥብ ሳይሆን አካባቢ እንደምትፈልጉ አስቡ።

4. ከላይ እዩት

ኮሮና የተባሉት የአሜሪካ የስለላ ሳተላይቶች ከ1960 እስከ 1972 ያነሷቸው ምስሎች በ1995 ምስጢርነታቸው እንዲነሳ ተወስኗል። ትላልቅ ግድቦችና ሰፋፊ እርሻዎች ከመምጣታቸው በፊት መሬቱ ምን ይመስል እንደነበር ያሳያሉ። ከዚያ ለሚቀድመው ጊዜ የአየር ፎቶግራፎች አሉ። ኢትዮጵያን በተመለከተ ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 ያነሷቸው አዲስ አበባ ውስጥ ተገኝተዋል።

ምስል ስትመርጡ ጠዋት ወይም ወደ ማታ የተነሳውን አስቀድሙ። ዝቅ ያለች ፀሐይ ትንሹን ጉብታ ሳይቀር ጥላ ታለብሰዋለች። በድርቅ ወቅት የተነሳም ካለ ጥሩ ነው። ከተቀበረ ግንብ በላይ ያለው ሰብል ቶሎ ይጠወልጋል፤ ከተደፈነ ቦይ በላይ ያለው ለምልሞ ይቆያል። የቤቱ ቅርጽ ማሳው ላይ ተስሎ ይወጣል።

5. ግብር ሰብሳቢውን ተከተሉ

መዝገብ ውስጥ በጣም የማምነው ግብር ሰብሳቢውን ነው። ታሪክ ጸሐፊ ትንሽ መንደር ይዘላል፤ ግብር ሰብሳቢ አይዘልም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ አሥራት በገንዘብ እንዲተካ በ1836 ሕግ ወጣ፤ በዚያ ምክንያት የተሠሩት ካርታዎች ለዚህ ሥራ ግሩም ናቸው። እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ቁጥር አለው። ቁጥሩን ይዛችሁ አብሮት ያለውን መዝገብ ስትገልጡ ባለቤቱን፣ ይዞ የሚጠቀምበትን ሰው፣ የማሳውን ስም፣ ስፋቱንና ምን እንደሚበቅልበት ታገኛላችሁ። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት «የቤተ ክርስቲያን ማሳ» የሚል ስም ካጋጠማችሁ እዚያ ጋ ቁሙ። በኦስትሪያ ግዛት ከ1817 እስከ 1861 የተሠራው የመሬት ካዳስተር (የይዞታ ካርታና መዝገብ) በ1:2,880 ስለሆነ እያንዳንዱ ቤት ይታይበታል። ለአየርላንድ ደግሞ ከ1847 እስከ 1864 የተካሄደው የግሪፍዝ ግምት የሚባል የመሬትና የቤት ግብር ትመና አለ።

የሕዝብ ቆጠራም ይረዳል፤ ግን ይቆለፋል። አሜሪካ የሰዎችን ስም የያዘውን ቆጠራ ለ72 ዓመት ትዘጋለች፤ የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነው። የ1890ው አብዛኛው ክፍል በ1921 የእሳት ቃጠሎ ምክንያት የለም። እንዲህ ያለ ክፍተት ሲገጥማችሁ የጥምቀትና የቀብር መዝገብ ያዙ። የጠፋውን መንደር መዝገብ ካጣችሁ የጎረቤቶቹን ፈትሹ፤ የትውልድ ቦታው የጠፋው መንደር የሆነ ሙሽራ ወይም ሟች እዚያ ይገኛል።

6. ምክንያቱን ከወረቀቱ አውጡ

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ዓመቶች ዋጋቸው የሚታየው። እያንዳንዱ ምክንያት የራሱ ወረቀት አለው። በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት የክዋቢን ግድብ ሲሠራ ዴና፣ ኤንፊልድ፣ ግሪንዊችና ፕሬስኮት የተባሉ አራት ከተሞች በ1938 በሕግ ፈረሱ። ከ7,500 በላይ አስከሬንም ተዛወረ። እንዲህ ሲሆን የምትፈልጉት የካሳና የመቃብር ዝውውር ዝርዝር ነው። በደቡብ እንግሊዝ የምትገኘው ታይነም በ1943 ለጦር ሠራዊት ልምምድ ተለቅቃ ነዋሪዎቿ አልተመለሱም፤ የሷ ጉዳይ የመከላከያ ሰነድ ውስጥ ነው። ሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ያለው የዋረም ፐርሲ መንደር ግን ከ1500 በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለበግ ግጦሽ ሲባል ባዶ ቀረ። እዚያ የባለርስት ሒሳብና የፍርድ ቤት ክርክር ማየት ግድ ነው።

7. ሄዳችሁ እዩ

ባለመሬቱን አስፈቅዱ፤ አትቆፍሩ፤ ያገኛችሁትን ስብርባሪ ባለበት ተዉት። ሳማ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለበትን ቦታ ልብ በሉ። ሰውና ከብት ለረጅም ጊዜ የኖሩበት አፈር ፎስፌት ይበዛዋል፤ ሳማ ደግሞ ይህን ይወዳል።

ሽማግሌዎችን ስትጠይቁ በካርታው ስም አትጀምሩ። «እገሌ የሚባል መንደር ነበር?» ካላችሁ «አላውቅም» ተብላችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። «ድሮ እዚህ ማን ያርስ ነበር? ውኃ ከየት ይቀዳ ነበር? ያ መንገድ ወዴት ያወጣ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ስም እንደተጠራ ጻፉትና ተመልሳችሁ በመጀመሪያው ዝርዝራችሁ ላይ ጨምሩት።