የአገጭ ፀጉርን በኤሌክትሮሊሲስ ለመጨረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በወረቀትና በእርሳስ እናስላው

ደንበኞቼ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ የሚጠይቁኝ «ስንት ቀጠሮ ይፈጃል?» ብለው ነው። ኤሌክትሮሊሲስ ማለት ቀጭን መርፌ ፀጉሩ በሚወጣበት ቀዳዳ አስገብቶ ሥሩን በኤሌክትሪክ ማጥፋት ነው። ጥያቄውን በቀጠሮ ከቆጠርነው መልስ የለውም። የአንዷ ቀጠሮ አሥር ደቂቃ ነው፣ የሌላዋ ሁለት ሰዓት። ስለዚህ ቀጠሮውን ተዉትና መርፌው ቆዳችሁ ላይ የሚሠራበትን ሰዓት ቁጠሩ። ክፍያውም ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በሰዓት ነው።

አንድ ነገር ከጅምሩ እንለይ። መርፌው የሚሠራበት ሰዓት ሌላ፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ያለው ወር ሌላ። ሰዓቱን የሚወስኑት የፀጉሩ ብዛትና የባለሙያው እጅ ናቸው። ወሩን የሚወስነው ግን ፀጉሩ ራሱ ነው። ፀጉር ያድጋል፣ ማደጉን ያቆማል፣ ያርፋል፣ ይረግፋል፤ ከዚያው ቀዳዳ ደግሞ ሌላ ይወጣል። መርፌው በደንብ የሚያጠፋው በማደግ ላይ ያለውን ነው፤ ያኔ ፀጉሩ ከሚመግበው ሥር ጋር እንደተያያዘ ነውና። እረፍት ላይ ያለው ቀዳዳ ተራውን ይጠብቃል። ዛሬ ብቅ ያላለን ፀጉር ማንም ሊያነሳላችሁ አይችልም። የሰባት ሰዓት ሥራ አለብኝ ብሎ በአንድ ሳምንት ተጋድሞ መጨረስ የማይቻለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው።

አካባቢውን በምላጭ ላጩትና ሦስት ቀን ያህል ጠብቁ። ያን ጊዜ ብቅ ብሎ የምታዩት በማደግ ላይ ያለው ነው፤ ያረፈው ከተላጨ በኋላ ንቅንቅ አይልም። (መላጨት ፀጉር ያወፍራል የሚባለውን እርሱት። ምላጭ ሥር አይነካም።) ጠንካራ ወረቀት ውሰዱና መሐሉ ላይ ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ቁረጡ። መስኮት አጠገብ ቁሙ። ቆዳውን በሁለት ጣት ወጠር አድርጉ፣ ወረቀቱን አስጠጉ፣ በቀዳዳው ውስጥ የሚታየውን ፀጉር ቁጠሩ። በስልክ ፎቶ አንስቶ በኋላ አጉልቶ መቁጠር ይቀላል፤ አንገትም አያሳምም። አንድ ቦታ ብቻ ቆጥራችሁ እንዳትረኩ፤ ቢያንስ ሦስት ቦታ ሞክሩ።

አንዲት ደንበኛዬ ዘንድ የወጣው ቁጥር ይኸውላችሁ። የአገጯ መሐል 26፣ ጎኑ 20፣ ወደ አንገት የሚወርደው 14። አማካዩ 20 ነው። ቦታው በማስመሪያ ሲለካ 5 በ6 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 30 ካሬ ሴንቲ ሜትር። 20 በ30 ሲባዛ 600።

600ው የሚታየው ብቻ ነው። በሙያው መማሪያዎች ላይ የጢም ቦታ ፀጉር ከመቶው 70 ያህሉ በማደግ ላይ እንደሆነ ይጻፋል። እግር ላይ ግን 20 ያህሉ ብቻ። ከሰው ሰው ይለያያል፤ ለግምት ግን ይበቃል። ስለዚህ ከላጫችሁ በኋላ ብቅ ያለውን ቆጥራችሁ ከሆነ ለአገጭ በ1.5፣ ለእግር በ5 አባዙ። የእኛ 600 ወደ 900 ከፍ አለ።

አሁንም በ2 አባዙ። እዚህ ላይ የሰው ፊት ይለወጣል። አንዳንዱ ቀዳዳ በመጀመሪያው ይሞታል፤ አንዳንዱ ቀጥኖ፣ ለስልሶ ተመልሶ ይመጣል፤ ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ጊዜ ይፈልጋል። «አንዴ ከነካሁት አለቀ» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን አንስታችሁ ውጡ። በ2 ማባዛት መካከለኛ ግምት ነው። ስለዚህ 1,800 ጊዜ መርፌ ይገባል ማለት ነው።

ቀጥሎ ፍጥነት። ይህን ከባለሙያው አፍ ሳይሆን ከሰዓታችሁ ነው የምታገኙት። የመጀመሪያው ቀን ላይ 10 ደቂቃ ያዙና የወጣው ፀጉር ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። እኔ የማወጣውን ሁሉ ነጭ ፕላስተር ላይ በመስመር በመስመር እለጥፈዋለሁ፤ የፈለገ ሰው ይቆጥረዋል። ስትቆጥሩ ደግሞ ሥሩን እዩት። በደንብ የተሠራ ፀጉር ወረንጦው ሲይዘው ተንሸራቶ ነው የሚወጣው፤ ብዙ ጊዜ ሥሩ ላይ እርጥብ፣ ነጣ ያለ ሽፋን ይዟል። ነጠቅ ሲያደርጋችሁ ከተሰማችሁ ግን ፀጉሩ ተነቀለ እንጂ አልተሠራም። እንዲህ ያለውን ከቁጥሩ ቀንሱት፤ ተመልሶ ይመጣልና። አንድ ሁለት ቢሆን ምንም አይደለም፤ በተከታታይ ከሆነ ግን ወዲያው ተናገሩ። ዝም ብላችሁ ጥርስ አትንከሱ።

ፍጥነቱ በአሠራሩ ዓይነትም ይለያያል። ከሁሉ ቀደምቱ ጋልቫኒክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 ቻርልስ ሚሼል የተባለ የሴንት ሉዊስ (አሜሪካ) የዓይን ሐኪም ወደ ዓይን ዞሮ የሚበቅል ሽፋሽፍትን ለማጥፋት የተጠቀመበት ነው። ቀጥተኛው ኤሌክትሪክ ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ጨውና ውኃ ወደ ካስቲክ ሶዳ ይለውጠዋል፤ ሥሩን የሚበላው እሱ ነው። አስተማማኝ ነው፤ ግን ቀርፋፋ። ለአንድ ፀጉር አንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ለዚህም ብዙ መርፌ በአንድ ጊዜ የሚያስገቡ አሉ። ቴርሞሊሲስ በሙቀት ነው የሚሠራው፤ ከሰከንድ ሽራፊ እስከ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ብሌንድ ሁለቱን ያጣምራል፤ አሥር ሰከንድ ገደማ በሉት።

ታዲያ ቴርሞሊሲስ ሁልጊዜ ይፈጥናል? አይደለም። መርፌው ቀጥ ያለ ነው። ፀጉራችሁ የተጠቀለለ ከሆነ ወይም ለዓመታት ስትነቅሉት ከኖራችሁ ቀዳዳው ከቆዳው በታች ሊጣመም ይችላል፤ መርፌው ሥሩ ድረስ ካልደረሰ ሙቀቱ ከዒላማው ውጭ ይቀራል። ካስቲክ ሶዳው ግን ፈሳሽ ስለሆነ መታጠፊያውን ተከትሎ ይወርዳል። እኔ እንዲህ ዓይነት አገጭ ሲገጥመኝ ብሌንድ እመርጣለሁ። በደቂቃ ያነሰ ፀጉር ይወጣል፤ የሚመለሰውም ግን ያንሳል። ለጠቅላላ ሰዓታችሁ የሚጠቅመው የማይመለሰው ፀጉር ብዛት ነው።

ወደ ደንበኛዬ እንመለስ። በ10 ደቂቃ 50 ወጣ፤ በደቂቃ 5 ማለት ነው። 1,800 ለ5 ሲካፈል 360 ደቂቃ፣ ስድስት ሰዓት። በዚህ ላይ 20 በመቶ ጨምሩ፤ መጥረግ አለ፣ መብራት ማስተካከል አለ፣ አንገት ማዞር አለ፣ «ቆይ አንዴ ልተንፍስ» አለ። ሰባት ሰዓት ከ12 ደቂቃ ደረሰ። እኔ ከሰባት እስከ አሥር ብዬ ነው የነገርኳት። አንድ ቁጥር ብቻ መንገር አልወድም።

ይህ ሰዓት በወሮች ላይ እኩል አይከፋፈልም። የመጀመሪያው ወር ይከብዳል። 600ውን አንድ ዙር ለማጽዳት ብቻ ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በየሳምንቱ 30 ደቂቃ ቢሆን አራት ጊዜ። ቀጣዮቹ ሦስት ወራት በየሁለት ሳምንቱ 25 ደቂቃ፣ ስድስት ጊዜ። ከዚያ አምስት ወር በወር አንዴ 20 ደቂቃ። የመጨረሻዎቹ ስምንት ወራት ደግሞ በሁለት ወር አንዴ 15 ደቂቃ። ደምሩት፦ 120፣ 150፣ 100፣ 60። 430 ደቂቃ ነው፤ ከላይ ካገኘነው ግምት ጋር ይገጥማል። ወሩ ሲቆጠር አንድ ዓመት ከአምስት ወር ነው። ለፊት ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ማሰብ የተለመደ ነው። ፀጉሩ ከዓይን የሚጠፋው ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው፤ የኋለኞቹ ወራት አልፎ አልፎ ብቅ የሚለውን ለቀም ለቀም ማድረግ ናቸው።

ግምቱን ከሚያበላሹት ሁሉ የሚብሰው ወረንጦ ነው። ክርና ሰምም ያው ናቸው። የነቀላችሁት ፀጉር ለሳምንታት ይደበቅና ሥራው ካለቀ በኋላ ብቅ ይላል። በሁለት ቀጠሮ መካከል ፀጉሩ ካሳፈራችሁ በመቀስ ቁረጡት ወይም ላጩት። ከመጀመሪያው ቆጠራ በፊትም ቢያንስ ለስድስት ሳምንት መንቀል አቁሙ፤ አለበለዚያ የምትቆጥሩት የጎደለ ቁጥር ነው።

ሌላው ሆርሞን ነው። ፒሲኦኤስ (የሴቶችን ሆርሞን የሚያዛባ ሕመም) ያለባት ሴት ዛሬ ያለውን ፀጉር ብትጨርስም፣ ዛሬ ስስ የሆነው ነገ ሊጠነክር ይችላል። ስሌታችን አሁን ላለው ፀጉር እንጂ ገና ለሚመጣው አይሆንም። ይህ ማለት አትጀምሩ ማለት አይደለም፤ የሞተው ቀዳዳ ሞቷል። ግን ከሐኪም ሕክምና ጋር ጎን ለጎን ይሂድ፣ በዓመት ጥቂት ደቂቃም ለተጨማሪ ያዙ። ፀጉሩ በድንገት ከበዛ፣ የወር አበባ ከቀረ ወይም ድምፅ ከጎረነነ መርፌው ይቆይ፤ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለትም ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ቆዳችሁ ሲቆስል የሚጠቁር ወይም ጠባሳው የሚያብጥ ከሆነ አጎራባች ቀዳዳዎችን በአንድ ቀን መሥራት ጥሩ አይደለም። ዘለል ዘለል እያሉ መሥራት ይሻላል። የመርፌው ሰዓት ያው ነው፤ የምትመላለሱበት ጊዜ ግን ይጨምራል። ከላይኛው ከንፈር በላይ ደግሞ ቦታው ትንሽ ነው፤ ግን ያማል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በላይ አልሠራም።

ሙሉ ጢም ሌላ ዓለም ነው። 250 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በአማካይ 40 ፀጉር ቢኖር 10,000 ይሆናል። በ1.5፣ ከዚያ በ2፤ 30,000። በደቂቃ 5 ከሆነ 100 ሰዓት፣ ከጭማሪው ጋር 120። ጢሙ ጥቅጥቅ ያለ ሰው 200ም 300ም ሊገባ ይችላል። እንዲህ ላለ ሰው፣ ፀጉሩ ጥቁር ከሆነ፣ አስቀድሞ በሌዘር ማሳሳትና ቀሪውን በመርፌ መጨረስ ብዙ ሰዓት ያተርፋል። ሽበት ከሆነ ግን ሌዘር አይረዳም፤ ቀለም ነው የሚፈልገው።

በአራተኛው ወር መጨረሻ ላይ ግምቱን እንደገና አስሉ። ያው ወረቀት፣ ያው ሦስት ቦታ፣ ከተላጨ በሦስተኛው ቀን። አማካዩ ከ20 ወደ 10 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ መንገዱ ጥሩ ነው። ካልወረደ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ በድብቅ እየነቀላችሁ ነው? ቀጥሎ ሆርሞናችሁን አስመርምሩ። ሁለቱም ካልሆኑ መርፌው ሥሩ ላይ አልደረሰም፤ ወይም ኃይሉ አንሷል። ባለሙያው ኃይሉን ወይም የመርፌውን መጠን እንዲቀይር ንገሩት። እምቢ ካለ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሄዳችሁ በአገጫችሁ ግራ ጎን ላይ ብቻ አንድ ግማሽ ሰዓት አሠሩ፤ ከሦስት ወር በኋላ ግራና ቀኙን ቆጥራችሁ አወዳድሩ።