ከሂተሩ በፊት ክዳኑ፦ የሞቀ ገንዳ በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች

በኅዳር ወር አንድ ቀን፣ ገና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ደሴ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ሂተሩ ሞቷል፤ ማታ 38 ዲግሪ የነበረው ውሃ 31 ሆኖ አደረ» አሉኝ። ልጆቻቸው ከውጭ አገር ሲመጡ ለእናታቸው የጉልበት ሕመም ብለው ያሠሩላቸው ጃኩዚ፣ ማለትም ትንሽ የሞቀ ውሃ ገንዳ፣ አለ። ከኮምቦልቻ ተነሥቼ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ስደርስ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነፋስ እንደ ልቡ በሚመላለስበት ግቢ ውስጥ ገንዳው እንደ ሽሮ ድስት ይጨሳል። ክዳን የለውም። «አብሽር፣ መጀመሪያ ቡና ጠጣ» ቢሉኝም እኔ ቀድሜ የሂተሩን ሽቦ ለካሁ፤ ከ13 አምፔር በላይ ይስባል። ባለ 3 ኪሎዋት ሂተር በ220 ቮልት መሳብ ያለበት ይህንኑ ነው። ሂተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክም አድሯል፤ ሙቀቱ ግን በእንፋሎት ወደ ጦሳ ወጥቷል። በገንዳው ጠርዝ ላይ ያለው የውሃ ምልክትም 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሏል።

ያቺን 1 ሴንቲ ሜትር አይናቁ። የገንዳው ስፋት 2 ሜትር በ2 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የጎደለው 40 ሊትር ነው። 1 ሊትር ውሃ ሲተን 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይዞ ይሄዳል፤ 40 ሊትር ማለት 27 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ገንዳው የሚይዘውን 3 ሜትር ኩብ ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ደግሞ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። የተነነው ውሃ ብቻውን የ7 ዲግሪ ሙቀት ወስዷል ማለት ነው። ሌላ ባለሙያ ቀደም ብሎ «ትልቅ ሂተር ይግዙ» ብሏቸው ነበር። እኔ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ፎም በሁለት ቆርጬ፣ ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ አልብሼ፣ ኮምቦልቻ ድንኳን በሚሰፋ ሰው ሸራ አሰፋሁለት። በመጀመሪያው ሌሊት ሆን ብለን ሂተሩን አጥፍተን ከደንነው፤ ጠዋት 36 ዲግሪ ነበር።

ስለዚህ ገንዳ ለማሠራት ካሰቡ በጀቱን ከክዳኑ ይጀምሩ። ለትልቅ መዋኛ ገንዳ በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ባለ አረፋ ፕላስቲክ ይበቃል፤ ለጃኩዚ ግን ወፍራም፣ የዝናብ ውሃ እንዳያቁር መሐሉ ከፍ ያለ፣ ሕፃን ሊከፍተው የማይችል ቁልፍ ያለው ክዳን ያስፈልጋል። ነፋሱንም በአጥር ወይም በቁጥቋጦ ይከልሉ። ባሕር ዛፍ ግን አጠገቡ አይትከሉ፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ቦታው ቀጥሎ ይመጣል። ደሴ ተዳፋት ናት፤ መሬት መንሸራተትም ታውቃለች። 3 ሜትር ኩብ ውሃ 3 ቶን ነው፤ በገደል አፋፍ ላይ ወይም በድጋፍ ግንብ አናት ላይ አያስቀምጡት። በቅርቡ የመጣው ፋሽን ደግሞ ጣሪያ ላይ ማድረግ ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 800 ኪሎ ግራም ይጫናል፤ የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚነደፈው ለ200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። «ቤቱ ጠንካራ ነው» የሚል ባለቤት አጋጥሞኝ መሐንዲስ ካልፈረመ አልሠራም ብዬ ተመልሻለሁ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ያለው ችግር ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ገንዳውንም ይዞ ይሰነጠቃል። ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካትና በደንብ መጠቅጠቅ ነው።

ፓምፑን ከውሃው ወለል በታች ወይም እኩል ያስቀምጡት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ፓምፕ ውሃን ከታች ወደ ላይ የመሳብ አቅሙ ይቀንሳል። በካታሎጉ ላይ የተጻፈውን የመሳብ ከፍታ አምኖ ፓምፑን ጣራ ሥር የሰቀለ ሰው አየር ሲያስነጥሰው ይከርማል።

ስለ ማሞቂያው፦ 3 ሜትር ኩብ ውሃ ከ15 ወደ 38 ዲግሪ ለማድረስ 80 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በ3 ኪሎዋት ሂተር 27 ሰዓት፣ በ6 ኪሎዋት ደግሞ ከ13 ሰዓት በላይ ማለት ነው፤ ያውም በመሐል ምንም ካልባከነ። ባለ 6 ኪሎዋቱ 27 አምፔር ይስባል። የእንጀራ ምጣዱ ሌላ 16 አምፔር ያህል ሲጨምርበት ብዙ የቤት ቆጣሪ አይችለውም፤ ለእንጀራና ለገንዳ የተለያየ ቀን ይመድቡ ወይም ተጨማሪ ኃይል ይጠይቁ። ሙቀትን ከአየር የሚስበው ማሞቂያ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሙቀት ይሰጣል፤ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ግን ይደክማል። ኮምቦልቻ ቀን ቀን ደስ ብሎት ይሠራል፤ ደሴ ሌሊት ያቃስታል። የፀሐይ ማሞቂያ ለመዋኛ ገንዳ ከሆነ የፓነሉ ስፋት ቢያንስ የገንዳውን ወለል ግማሽ ይሁን፤ ፊቱንም ወደ ደቡብ ያዙሩት።

በኤሌክትሪኩ ላይ ቀልድ የለም። በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከርና በትክክል የተቀበረ የምድር ሽቦ ከሌለ ውሃ አልሞላም። የመሳቢያ ቀዳዳውም ሁለት መሆን አለበት፤ አንድ ብቻ ከሆነ ፀጉርና የሕፃን እጅ ይይዛል። ከ40 ዲግሪ በላይ አያሙቁ። ነፍሰ ጡርና የልብ ታማሚ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይግቡ።

አሁን ወደ ብልሽት።

ሂተሩ አልበራ ካለ በመጀመሪያ የፓምፑን ወንፊት ይክፈቱ። ውሃው በበቂ ፍጥነት ካልዞረ የፍሰት መቆጣጠሪያው ሂተሩን እንዳይበራ ይከለክለዋል፤ ሥራው ነው። ከ10 ጥሪ 6ቱን የፈታሁት የባሕር ዛፍ ቅጠል በመልቀም ነው፤ ያውም ሐረጎን ወጥቼ። አንድ ቤት ውስጥ ከእኔ በፊት የመጣው ሰው ይህን መቆጣጠሪያ በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ አልፎት ሄዷል። ውሃ ሳይዞር ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው የሂተሩ ክፍል፣ በራ፤ ቱቦው ቀልጦ አገኘሁት።

የአሸዋ ማጣሪያው የግፊት መለኪያ (ጌጅ) ከንጹሑ ጊዜ በ0.5 ባር ያህል ከጨመረ አሸዋውን በተቃራኒ ፍሰት ይጠቡት። ጌጁ ከወትሮው ዝቅ ካለ ችግሩ ከፓምፑ በፊት ነው፦ ወይ ወንፊቱ ተዘግቷል ወይ አየር ይገባል። ወደ ገንዳው በሚመለሰው ውሃ ላይ አረፋ ሲንከባለል ካዩ የፓምፑን ክዳን ጎማ አውጥተው ይመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ ደርቆ ተሰንጥቋል።

ብሬከሩ የሚወድቅ ከሆነ ሂተሩን፣ ፓምፑንና የአየር መንፊያውን አንድ በአንድ ነጥሎ ማየት ነው፤ ይህን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይተዉለት። ባለ 3 ኪሎዋት ሬዚስታንስ መብራቱ ተቋርጦ ሲለካ 16 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል፤ ከብረት አካሉ ጋር ንባብ ከሰጠ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል። የሻይ ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ካለ ሬዚስታንሱም ላይ አለ። በኮምጣጤ ነክሮ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ኮምጣጤና በረኪና ፈጽሞ አይገናኙ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

«ውሃው በራሱ ሰዓት ይሞቃል፣ እኛ ስንገባ ይቀዘቅዛል» ብለው የደወሉልኝም አሉ። መብራት 5 ሰዓት ጠፍቶ ሲመለስ የሰዓት መቆጣጠሪያው 5 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ባትሪ ያለውን ይግዙ።

ውሃው አረፋ የሚደፍቅ ከሆነ ደግሞ ቅቤ ነው። እኛ ወሎዎች ፀጉራችንን ቅቤ ተቀብተን ጃኩዚ እንገባለን፤ ማጣሪያውም እንደ መጥበሻ ይሆናል። መጀመሪያ በሳሙና መታጠብ ነው። የክሎሪን ሽታ ዓይን ሲያቃጥል ሰው ክሎሪን በዝቷል ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንሷል፣ የሚሸተው ከላብና ከቆሻሻ ጋር የተጣመረው ነው። ለ3 ሜትር ኩብ ውሃ መጠኑን በ3 ሚሊ ግራም በሊትር ከፍ ለማድረግ 5 በመቶ የሆነ፣ ሽቶ የሌለው በረኪና 180 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሽንት ቤት እንደሚያጸዳ ሰው ጀሪካኑን አይገልብጡ። ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ ከ7.2 እስከ 7.6 ካልሆነ ግን ክሎሪኑ በደንብ አይሠራም፤ የመለኪያ ወረቀት ይኑርዎት።

ውሃ ይጎድላል ብለው ከጠረጠሩ አንድ ባልዲ በገንዳው ውሃ ሞልተው ደረጃው ላይ በውሃ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ፓምፑን አጥፍተው ሁለቱም ላይ ምልክት ያድርጉ። ከ24 ሰዓት በኋላ ገንዳው ከባልዲው በልጦ ከጎደለ ያንጠባጥባል። እኩል ከጎደሉ ትነት ነው፤ ክዳኑን ይመልከቱ።

ቢያንጠባጥብም እንኳ መሬት ውስጥ የተቀበረ ገንዳ በሐምሌና በነሐሴ አያፍስሱት። አፈሩ ውሃ በጠገበበት ጊዜ ባዶ ገንዳ እንደ ጀልባ ከሥሩ ይነሣል። ቦርከና ወንዝ አቅራቢያ አንድ ባለቤት ለማሳጠብ ብሎ በነሐሴ ባዶ አድርጎት፣ በማግስቱ ጠዋት የአንዱ ጥግ ሴራሚክ ከግቢው ወለል በአንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አገኘነው። እስከ ጥቅምት ቢታገሥ ኖሮ ሥራው የግማሽ ቀን ነበር።