ድመቷን አታስጹሟት፦ በወሎ ቤቶች በውሻና በድመት ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በደሴና በአካባቢዋ በእንስሳት ሕክምና በቆየሁባቸው ዓመታት ወደ ክሊኒካችን የሚመጡት በአብዛኛው ላም፣ በሬ፣ በግና አህያ የሚነዱ ገበሬዎች ናቸው። ውሻ የሚመጣው አልፎ አልፎ፣ ያውም ከተዳከመ በኋላ፣ አንድ ልጅ በገመድ እየጎተተው ነው። ድመትማ በዘንቢል ተከድና ካልመጣች አትታይም። ባለቤቶቹን ጨካኞች ናቸው ብዬ አላውቅም፤ እንዲያውም ከሚበሉት የሚያካፍሉ ናቸው። ጣጣው የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ውሻውንም ድመቷንም በእኛ ማዕድ፣ በእኛ ጾምና በእኛ በዓል እናኖራቸዋለን።

ድመቷን ማስጾም

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ለሰው ሽሙጥ የተነገረ ቢሆንም ለድመቷ ጥሩ ጠበቃ ነው። ሥጋ መፈለጓ አመል ሳይሆን ተፈጥሮ ነውና። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። የውሻ ሰውነት ከሌላ ምግብ ሊሠራው ይችላል፤ የድመት ሰውነት ግን የሚበቃትን ያህል አይሠራም። ለረጅም ጊዜ ያጣችው ድመት የዓይኗ ብርሃን ይደክማል፣ የልቧ ጡንቻ ይላላል። አንዴ የጠፋ ዓይን ደግሞ አይመለስም።

በክርስቲያኑ ቤት ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። የገና ጾም፣ ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩ የዓመቱ ግማሽ ገደማ ከጓዳው ሥጋ ይጠፋል፤ ድመቷም ሽሮ የነካው እንጀራ እየላሰች ትከርማለች። «አይጥ ትይዝ የለም እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ አይጥ ለድመት የተሟላ ምግብ ነው። ነገር ግን ያው ሰው በጎተራው ሥር የአይጥ መርዝ በትኖ ይገኛል። መርዝ የቀመሰች አይጥ ደንዝዛ ስትንፏቀቅ መጀመሪያ የምትይዛት ድመቷ ናት። ድመት ባለበት ቤት ወጥመድ እንጂ መርዝ አይገባም።

መፍትሔው ያን ያህል ውድ አይደለም። ከሥጋ ቤት የተገኘ የልብ ቁራጭ ተቀቅሎ በትንሽ በትንሹ ቢሰጣት ይበቃታል፤ ልብ በታውሪን የታወቀ ነው። ለሐይቅ ቅርብ የሆነ ሰው ደግሞ ዓሣ ሲገዛ ጭንቅላቱን ቀቅሎ፣ አጥንቱን ለይቶ ይስጣት። የላም ወተት ግን ምግቧ አይደለም። አብዛኞቹ አዋቂ ድመቶች ወተቱን መፍጨት አይችሉም፤ ያስቀምጣቸዋል። በጎድጓዳ ሳህን ንጹሕ ውኃ ይሻላታል።

ውሻውን ወጥ ማብላት

ስለ በርበሬው የሚጨነቅ ብዙ ነው፤ ስለ ሽንኩርቱ የሚጠይቀኝ ግን አላጋጠመኝም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራሉ። መብሰሉ ጉዳቱን አያስቀርም። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። አንድ ቀን የላሰ ውሻ ወድቆ አይሞትም፤ በየቀኑ ሲበላ ግን ድዱ ይገረጣል፣ ይዝላል፣ ሽንቱም ይጠቁራል። ባለቤቱ «ቡዳ በላው» ይላል። ለውሻው የሚሆነውን ሽንኩርት ሳይነካው፣ በውኃ ብቻ ለብቻ መቀቀል ነው። ከዶሮው ዐሥራ ሁለት ብልት የተረፈውን አጥንትም አትጣሉለት፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

የታረደውን ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር

ወሎ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለሚገኝ በዓሉ ሁለት እጅ ነው። ፋሲካ ሲያልፍ አረፋ ይመጣል፤ በግና ፍየሉ በግቢ ይታረዳል። ሆድ ዕቃው ሲከፈት ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ከታየ ማንም አይበላውም፤ ለውሻው ይወረወራል። ከዚህ የከፋ ስህተት አላውቅም።

ያ ከረጢት የአንድ ትንሽ ጥገኛ ትል ማደሪያ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ዕንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ዕንቁላሉ ሣር ላይ ወድቆ በግ ሲግጠው ከረጢቱ በበጉ ላይ እንደገና ይበቅላል። የውሻው ፀጉር ላይ ተጣብቆ የቤቱ ልጅ ከዳሰሰው በኋላ እጁን ሳይታጠብ ከበላ ደግሞ ከረጢቱ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ያድጋል። ብዙ ዓመት ሳይታወቅ ይቆይና በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ውሻው ግን ምንም የታመመ አይመስልም። ስለዚህ ከረጢት የታየበት ብልት ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር። የትል መድኃኒትም በየሦስት ወሩ ይሰጠው፤ ክኒኑን በሥጋ ጠቅልሎ ማጉረስ ቀላል ነው።

«እብድ ውሻ ውኃ ይፈራል» ብሎ መዘናጋት

ብዙ ሰው የሚጠብቀው አረፋ እየደፈቀ የሚሮጥ ውሻ ነው። እንደዚያ የሚያሳብደው አለ። ሌላው ግን ዝም ይላል፤ ጥግ ይይዛል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት ተሰንቅሮበት መስሎት እጁን አፉ ውስጥ ያስገባል። በሽታውን የሚያስተላልፈው ደግሞ ምራቁ ነው። መንጋጋው የወረደ ውሻ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ባለሙያ ጥሩ።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠበው፤ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጠበሉንም ዱዓውንም አልከለክልም፤ ክትባቱን ግን አይተኩም። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። የነከሰውን ውሻ በንዴት ገድሎ ገደል መጣልም ስህተት ነው። አስሮ 10 ቀን መጠበቅ ከተቻለና በደህና ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው።

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ድመቷም እንዲሁ። ከዚያም በየዓመቱ። የደላንታ፣ የቦረና ሳይንትና የአቡነ ዮሴፍ እረኞች ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አላቸው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ናቸው የቀሩት፤ ከእነሱም ጥቂቶቹ በእነዚህ ደጋዎች ይኖራሉ። ከመንጋው ጋር የሚወጣ ያልተከተበ ውሻ በሽታውን ያጋባቸዋል።

በጓዳ የሚሠሩ ሌሎች ስህተቶች

ለድመት ፓራሲታሞል አትስጡ። ለሰው ራስ ምታት የምትበቃው አንዲት ክኒን ድመት ትገድላለች። ዲክሎፌናክም ለውሻ አይሆንም፤ ጨጓራውን ያደማል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል። እከክ የያዘውን ውሻ ነጭ ጋዝ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ቆዳውን ያቃጥላል፤ ሲልሰውም ይመረዛል። ለከብት መዥገር የተገዛ መርጫም በውሻና በድመት ላይ አይሞከርም።

ሴት ቡችሎችን በጆንያ ከትቶ ወንዝ ዳር መጣል ደግሞ በየክረምቱ የማየው ነው። እናቲቱን አንድ ጊዜ ማስመከን ይሻል ነበር።

ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት ድመት የሚያባርሩም አሉ። በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፍ ጽንስ የሚጎዳ በሽታ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን በሽታው ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው በየቀኑ ቢጠርገው ይበቃል። ያው በሽታ ከጥሬ ሥጋም ይያዛል። ድመቷን በካርቶን አሽጎ ወደ ሩቅ ሰፈር ከሸኘ በኋላ ለነፍሰ ጡሯ ጥሬ ሥጋ የሚቆርጥ ቤት ግን በዓይኔ አይቻለሁ።