የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ እምቢ ሲላችሁ

ድሬዳዋ ሳቢያን ሱቅ ያለው ጓደኛዬ አሮጌ ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ ጫንንለትና ነፍስ ዘራ። በማግስቱ የሂሳብ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዞ መጣ፣ ሁለቴ ክሊክ አደረገው፣ ጭጭ። ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ሊያጠፋው ሲል ነው እጁን የያዝኩት።

ለድሬ ሰው ይሄ ነገር አይከብድም። የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር። የአዲሱን ባቡር አምጥታችሁ ከዚራ ባለው በድሮው ጣቢያ ሐዲድ ላይ ብታስቀምጡት አይገጥምም፤ ባቡሩ ግን ጤነኛ ነው።

ሊኑክስ የፋይሉን ስም አይቶ አይወስንም፣ መጨረሻው ላይ ኢኤክስኢ ቢልም ባይልም ግድ የለውም። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት የሆነው ክፍል፣ የሚያየው የፋይሉን የመጀመሪያዎቹን ባይቶች (ፋይሉ የተሠራባቸውን ቁጥሮች) ነው። የራሱ ፕሮግራሞች በ127 ቁጥር ይጀምሩና ኢ፣ ኤል፣ ኤፍ የሚሉ ፊደላት ይከተላሉ። የዊንዶውሶቹ በኤም እና በዜድ ይጀምራሉ፤ ፎርማቱን ድሮ ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ለዶስ የነደፈው የማይክሮሶፍቱ ማርክ ዝቢኮውስኪ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው፣ እስከ ዛሬ ግንባራቸው ላይ አለ። በ#! የሚጀምር ከሆነ ስክሪፕት፣ ማለትም በጽሑፍ የተጻፈ ፕሮግራም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱ። «ፋይል» የሚለውን ትዕዛዝ በእንግሊዝኛ ጻፉና የፋይሉን ስም አስከትሉ። ለየትኛው ሲስተምና ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደተሠራ ይነግራችኋል። ሁለቱን አትቀላቅሉ፣ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

«ፒኢ32» ካለ የዊንዶውስ ነው፣ ዋይን የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ እየተሠራ ያለ ነው። ፕሮግራሙ ዊንዶውስ መስሎት «ፋይል ክፈትልኝ፣ መስኮት አሳይልኝ» ሲል ዋይን ጥያቄውን ተቀብሎ በሊኑክስ በኩል ያስፈጽምለታል። የፕሮሰሰሩን ትዕዛዝ ስለማይተረጉም ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ አይጎዳም። የመደመር ምልክቷን ልብ በሉ፦ «ፒኢ32+» 64 ቢት ነው፣ ያለ ምልክቷ 32 ቢት። ለ32 ቢቱ ብዙ ጊዜ የዋይንን 32 ቢት ክፍል ለብቻ መጨመር ያስፈልጋል። እኛን ግማሽ ቀን ያንከራተተን ይሄው ነው፣ በዚያ ሙቀት!

«ኢኤልኤፍ» ብሎ ቀጥሎ «ኤአርኤም» ካለ ደግሞ ሲስተሙ ትክክል ነው፣ ፕሮሰሰሩ ነው የተለየው፤ ለምሳሌ የኤአርኤም ፕሮሰሰር ላላት ትንሿ ኮምፒውተር ለራስፕቤሪ ፓይ የተሠራ ፕሮግራም በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ። እዚህ ዋይን አይረዳችሁም። ኪዩኤሙ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ፣ እሱ የፕሮሰሰሩን ትዕዛዝ ራሱን ይተረጉማል፤ ቀስ ይላል፣ ግን ይሠራል። ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸው የኤአርኤም ላይብረሪዎችም (ረዳት ፋይሎቹ) መኖር አለባቸው።

ዋይንን ወይም ኪዩኤሙን በየጊዜው በስም መጥራት ከሰለቻችሁ ከርነሉ ውስጥ ቢንኤፍኤምቲ ሚስክ የሚባል መዝገብ አለ። «በእነዚህ ባይቶች የሚጀምር ፋይል ካገኘህ ለዚህ ፕሮግራም አስረክበው» ብላችሁ አንድ መስመር ትጽፉበታላችሁ፦ በዋነኛነት ስም፣ ባይቶቹ፣ ፋይሉን የሚያስኬደው ፕሮግራም አድራሻ፣ በሁለት ነጥብ (:) እየተለያዩ። ማሽኑ ሲጠፋ ስለሚረሳው መስመሩን በማስነሻ ቅንብሮች ውስጥ አስቀምጡት።

ለኪዩኤሙ መዝግቡ። ለኤም ዜድ ግን እኔ አልመዘግብም። ከማተሚያ ቤት በፍላሽ ይዛችሁት የምትመጡት የዊንዶውስ ቫይረስም ብዙውን ጊዜ በኤም ዜድ ነው የሚጀምረው፣ ዋይን ደግሞ ሌላ ካላደረጋችሁት በቀር የግል ፎልደራችሁን ያያል። የዊንዶውሱን ሁልጊዜ ራሳችሁ ዋይንን ጠርታችሁ አስጀምሩት።